ላዶል በኪያንግሉንግ የዘረጋችው ገመድ

ላዶልን ከሩቅ የሚያስታውቃት ድምጿ ነው። በሰፈራችን በሳግዶ ነፋሱ ከቀትር በኋላ ተነስቶ የድንኳን ካስማ ስለሚነቅል ሁላችንም እየጮኽን ነው የምንነጋገረው። እሷ ግን ነፋስ በሌለበትም ትጮኻለች። ባሏ ሙቱፕ፣ «ከመጋባታችን በፊት በግራ ጆሮዬም እሰማ ነበር» እያለ ይቀልዳል።

በዕድሜ ስለምትበልጠኝ አቼ ላዶል እላታለሁ። በብርዱ ወራት ፍየሎቻችንን ቀላቅለን ስለምንጠብቅ እዚህ ከምጽፈው አብዛኛውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያላየሁትን ሙቱፕ ነግሮኛል፤ ሙቱፕ ደግሞ ትንሽ መጨመር ይወዳል።

ኑሯችን ፍየል ነው። ከጠጉሩ ሥር በብርድ የሚበቅለውን ለስላሳ ጠጉር ሙቀቱ ሲመጣ በማበጠሪያ እናወጣለን፤ እሱ ከተማ ወርዶ የሀብታም ሻርፕ ይሆናል። እናት ፍየሎቹ የሚወልዱት ግን ብርዱ ገና ሳይለቅ ነው። ለዚህ ነው ኪያንግሉንግ የሚያስፈልገን።

ኪያንግሉንግ ከሰፈራችን በምሥራቅ በኩል ያለ ጠባብ ሸለቆ ነው። ነፋስ አይገባውም፤ በረዶውም ቶሎ ይለቀዋል። የድንጋይ በረቶቹን ማን እንደሠራቸው የሚያውቅ የለም። ወለላቸው የስንት ዘመን የፍየል በጠጥ ተረግጦ ስለደነደነ ከሥር ይሞቃል። በየበረቱ ጥግ በድንጋይ የተገነቡ ጉድጓዶች አሉ። የተወለደ ግልገል እዚያ ይገባና ጠፍጣፋ ድንጋይና ማቅ ይከደንበታል። ላይ ውሃው በረዶ ሲሆን ግልገሉ ከታች ተጠቅልሎ ይተኛል። ላዶልም የተወለደችው እዚያው ነው። እናቷ ፍየል ስታዋልድ ምጥ ያዛት።

ከሸለቆው ማዶ ያለው ተራራ የቻይና፣ ወዲህ ያለው የህንድ ነው ይባላል። የትኛው ድንጋይ ላይ እንደሚለያዩ ግን ተስማምተው አያውቁም። ልጆች ሳለን ይህ ብዙም አያሳስበንም ነበር። በኋላ ሁለቱም አገሮች አቅም አገኙ፤ እርስ በርስም በክፉ ዓይን ይተያዩ ጀመር። ማዶ መንገድ ሲዘረጋ ወዲህም ተዘረጋ። ማዶ ምሰሶ ሲቆም ወዲህም ቆመ። በሰሜን በኩል በአንድ የወንዝ ገደል ውስጥ ወታደሮቻቸው በዱላና በድንጋይ ከተገዳደሉ ወዲህ ደግሞ ሁሉ ነገር ባሰ። አለቆቹ ተነጋገሩና «ሁለቱም ጦር ወደ ኋላ ይበል፣ መካከሉ ባዶ ይሁን» ተባለ። ኪያንግሉንግም ከባዶው ውስጥ ገባ። በረቱም፣ ጉድጓዱም፣ ሣሩም በአንድ ቃል ባዶ ሆነ።

ከዚያ በፊት የወዲህኛው ጦር መኮንኖች በመጡ ቁጥር፣ «ፍየሎቻችሁን እስከ መጨረሻው ድንጋይ አሰማሩ፤ እናንተ ያላችሁበት ሁሉ የእኛ ነው» ይሉን ነበር።

አሁን «አትግቡ» ሲሉን የመጀመሪያውን ዓመት ታዘዝን። ወንዙ ዳር በተሰጠን ሜዳ ላይ ነፋሱ በደረታችን እየገባ ከረምን። ላዶል በየማለዳው እንደ እንጨት የደረቁ ግልገሎችን ከበረት እያወጣች ትደረድር ነበር። ድምጿ የጠፋው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከጎረቤቶቻችን ግማሾቹ መንጋቸውን ለሥጋ ነጋዴ ሰጥተው ወደ ሌህ ከተማ ወረዱ፤ አሁን መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ይፈልጣሉ። በሁለተኛውም ዓመት ግልገል ካልተረፈላት ቀጣይዋ ላዶል ነበረች።

በጥር መጀመሪያ የሰፈራችን ሹም ጎባ ታርጊያስ ቤቱ ሰበሰበን። ምድጃው ዙሪያ ተቀምጠን በሶ በሻይ እየለወስን ሳለ ላዶል ተናገረች።

«እኔ ኪያንግሉንግ እወጣለሁ።»

«አቼ ላዶል፣ ትእዛዝ ነው እኮ» አለ ታርጊያስ። «እኔ ያወጣሁት መሰለሽ?»

«አንተማ ምን ታወጣለህ! ከዚህ ቤት ጢሱ እንኳ በወጉ አይወጣም።»

ሁሉም ሳቀ። ታርጊያስ ብቻ አልሳቀም። «ሁለት ትልልቅ አገሮች ተፋጠዋል። መካከላቸው ገብተሽ ጦርነት ብታስነሺስ?»

«በእኔ ፍየል ነው ጦርነት የሚነሳው? እንግዲያ ድሮም ሲያምራቸው ኖሯላ!»

«እኔን ጉልበቴን ያመኛል» አለ ሙቱፕ። «መሮጥ ስለማልችል ጦርነቱ ከተነሳ እሷ ትቅደም።»

«አንተ ከኋላ ሆነህ ድስቱን ያዝ» አለችው።

ከእሷ ጋር የወጣነው ሙቱፕና እኔ ብቻ ነን። የእኔም ፍየሎች ከእሷ ጋር ስለነበሩ ብዙ ምርጫ አልነበረኝም።

ወደ ሸለቆው በሚያስገባው የህንድ ጦር ኬላ ላይ ሻምበል ናምቢያር አገኘን። ከደቡብ፣ ከባሕሩ ዳርቻ የመጣ ሰው ነው። ብርዱ አፍንጫውን እንደ በርበሬ አቅልቶታል። ክፉ አልነበረም።

«አማጂ፣ እናቴ፣ እባክዎ ይመለሱ። ባዶ ቦታ ነው የተባለው። ማንም አይገባም፤ እኛም አንገባም።»

«አትግባ። ማን ና አለህ?»

«አንድ ነገር ቢደርስብዎ እዚያ ድረስ ገብቼ ላወጣዎት አልችልም እኮ!»

«ካቻምና ሻርፕ አልብሰህ ፎቶ ያነሳኸኝ አንተ አይደለህም? የድንበሩ እናት ነዎት አላልከኝም?»

ሻምበሉ መሬት መሬት አየ። «እኔ አይደለሁም፤ ከእኔ በፊት የነበረው ነው።»

«ሁላችሁም አፍንጫችሁ ስለሚቀላ ይምታታብኛል።»

ወታደሮቹ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። ሻምበሉ ሌላ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ፍየሎቹ በኬላው እንጨት ሥር እየሾለኩ ማለፍ ጀምረው ነበር። ያረገዘችና የከበደች ፍየል የምትወልድበትን ታውቃለች፤ አቅጣጫውን ከያዘች አትመለስም። እሱም የላዶልን ክንድ ይዞ ማስቀረት አልሆነለትም። እንጨቱን አስነሳልን።

ኪያንግሉንግ በገባን በማግስቱ ማዶዎቹ፣ የቻይና ወታደሮች፣ መጡ። ሁለት መኪናዎች ከሸለቆው ላይኛው አፍ ገብተው ክላክሳቸውን ሳያቋርጡ እየነፉ ወደ መንጋው ነዱ። ጩኸቱ ከገደሉ ጋር እየተጋጨ ሸለቆው ሊፈርስ መሰለ። ፍየሎቹ በየአቅጣጫው ፈረጠጡ። የከበደች ፍየል ስትሮጥ ምን እንደሚደርስባት ለማንም አርቢ አይነገርም። ከቀትር በኋላ ስንሰበስባቸው ሁለቱ አጨንግፈው አገኘናቸው። ላዶል የጨነገፈውን በድንጋይ ከደነችና እጇን በበረዶ አሸች።

«ነገም ይመጣሉ» አልኳት።

«ይምጡ።»

«ሌላም ያጨነግፋል።»

«የሚያጨነግፈው ሲሮጥ ነው» አለች። ከዚያ ድንገት፣ «ሙቱፕ! የማለቢያው ገመድ የት ነው?» ብላ ጮኸች።

«በጥር? ምን ልታልቢ ነው፣ በረዶ?»

እኛ በሙቀቱ ወራት ስናልብ ፍየሎቹን ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ እናቆምና አንገታቸውን እንደ ተቆላለፈ ጣት አጠላልፈን በአንድ ረጅም ገመድ እንጠልፋቸዋለን። ኋላቸው ወደ ውጭ ስለሚሆን አላቢዋ እየዞረች ታልባለች። ፍየል እንዲህ ሲታሰር አይታገልም፤ ቆሞ ያመሰኳል። ሲያበቃ የገመዱን ጫፍ መሳብ ብቻ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈታል። የከበደች ፍየል ግን እንዲህ አትታሰርም። ነውርም ነው፤ አደጋም አለው። ይህንን ሙቱፕም እኔም ነገርናት።

«ከመሮጥ መቆም ይሻላል» አለች። 

በማግስቱ ፀሐይ ሸለቆው ውስጥ ሳትገባ ፍየሎቹን ሁሉ በላይኛው አፍ፣ ገደሉና ገደሉ በሚቀራረቡበት ቦታ ጠለፍናቸው። ረድፉ ከአንዱ ገደል እስከ ሌላው ደረሰ። መኪና ካለፈ በእነሱ ላይ ነው የሚያልፈው። ላዶል ጫፉን ከመቀነቷ ሥር አስገብታ ወገቧ ላይ ጠመጠመችና ላዩ ላይ ተቀመጠች።

መኪናዎቹ መጡ። ክላክሱ ጮኸ። ፍየሎቹ ጆሯቸውን አርገበገቡ፤ ጥቂቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ ግን አንገት ለአንገት ተያይዘው የት ይሄዳሉ? የፊተኛው መኪና ከረድፉ ፊት ድረስ መጥቶ ቆመ። ከፍየሎቹ ኋላ ስሸሸግ ላዶል አይታ፣ «ብርዱ ነው በል» አለችኝ።

ወታደሮቹ ወርደው የተጻፈበት ሰፊ ጨርቅ ዘረጉ። ከኋላችን፣ ባዶው ቦታ በሚጀምርበት ጉብታ ላይ የሻምበሉ ሰዎች ታዩ፤ እነሱም የራሳቸውን ጨርቅ ዘረጉ። ሁለቱም «ይህ የእኛ ነው፣ ተመለሱ» ነው አሉ የሚለው። በሁለቱም በኩል ካሜራ የያዙ አሉ። ማን ቀድሞ እጁን እንደሰነዘረ ለዓለም ለማሳየት ሁሉም ይቀርጻል፤ ስለዚህ ማንም ቀድሞ መንካት አይፈልግም።

«ያን ጨርቅ አምጡት!» አለች ላዶል ወደ ሁለቱም ዞራ። «ግልገል ልጠቅልልበት!»

ከማዶዎቹ አንድ አስተርጓሚ ቀረበ። ወጣት ነው፤ ጉንጩ እንደ እኛ ልጆች በብርድ የተሰነጠቀ። በእኛው ዓይነት አነጋገር፣ ትንሽ ለወጥ አድርጎ ተናገረ።

«አማ-ላ፣ አለቃዬ ፍየሎቹን ይፍቱ ይላሉ። ቦታው የእናንተ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የእኛ።»

«እንግዲያው በረቱን ማን ሠራው? የቱ ጉድጓድ ነው ውሃ የሚያስገባው? ንገረኛ! የራስህ ከሆነ ታውቀው የለ?»

ልጁ ወደ በረቶቹ አየ።  አለቃው ከኋላው ጮኸበት።

«ገመዱን ፍታ እያሉኝ ነው» አላት ድምጹን ዝቅ አድርጎ።

«ጫፉን ብትስበው ይፈታል። አርቢ ልጅ መሆንህን ከጉንጭህ አይቻለሁ፤ ታውቀዋለህ። ጫፉ ይኸው፣ ተቀምጬበታለሁ። ና፣ በካሜራዎቹ ፊት አንሥተኝ።»

ልጁ ካሜራዎቹን አየ። ከዚያ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

እንዲያ ቆምን። ነፋሱ ተነሣ። ከረድፉ መካከል አንዷ ፍየል ማቃሰት ስትጀምር ላዶል ሰማቻት። ምጥ ነበር። ገመዱን ከወገቧ ሳትፈታ፣ ጫፉ እንዳይሳብ የተረፈውን እያላላች ሄዳ አጠገቧ ተንበረከከች።

«አንተ!» አለችው አስተርጓሚውን። «ከቆምክ አይቀር በዚህ በኩል ቁምና ነፋሱን ከልልልኝ።»

ልጁ ቆመ። እግሩ ራሱ ያመጣው ይመስል በነፋሱ በኩል መጥቶ ቆመ። አለቃው ምን ብሎ እንደጮኸበት አላውቅም። ግልገሉ እየተነነ ወጣ። ላዶል አፉን በጣቷ ጠርጋ ከካባዋ ውስጥ ከተተችው። ከደረቷ አካባቢ ቀጭን ጩኸት ተሰማ፤ በሁለቱም በኩል ያሉ ወታደሮች አንገታቸውን አስግገው አዩ።

ማዶዎቹ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ቆዩ። በሬዲዮ ተነጋገሩ፤ ቆመው አጨሱ፤ እግራቸውን መሬት ላይ እየመቱ ዞሩ። በመጨረሻ ልጁን ጠርተው ጨርቃቸውን ጠቀለሉና መኪናዎቹን አዙረው ሄዱ።

ሻምበል ናምቢያር ጉብታው ላይ ከቆመበት በድምጽ ማጉያ ተናገረ። «አማጂ! አሸንፈዋል! አሁን ይፍቷቸውና ወደ ታች እንውረድ!»

ላዶል ድምጽ ማጉያ አላስፈለጋትም። «ካሸነፍኩ ለምን እወርዳለሁ?»

ሻምበሉ ማጉያውን እንደያዘ ቀረ። በኋላ እንደሰማሁት ለበላዮቹ፣ «ሴትዮዋ ቦታውን ለቅቃ ለመውረድ ፈቃደኛ አይደለችም» ብሎ በሬዲዮ ሲያስተላልፍ፣ «ያስቸገረችው የትኛውን ወገን ነው?» ብለው ጠየቁት፤ እሱም፣ «ሁለቱንም» ብሎ መለሰ። ይህን የነገረኝ ሙቱፕ ስለሆነ እውነቱን እናንተ መዝኑት።

ላዶል ጫፉን ሳበች። ገመዱ ከአንዱ ገደል እስከ ሌላው እየተፈታ ሲሮጥ ፍየሎቹ አንገታቸውን አራግፈው ወደ በረቶቹ ሄዱ። አላጨነገፈችም፤ አንዷም።

ማዶዎቹ በማግስቱም መጡ፤ በሦስተኛውም ቀን። እኛም በየማለዳው ገመዱን እንዘረጋለን። የሻምበሉ ሰዎችም ጉብታው ላይ ይወጣሉ፤ «ውረዱ» ይሉናል፤ አንወርድም። ጣቶቻችን በገመዱ ተላጡ። ግልገሎቹ ግን በጉድጓዶቹ ውስጥ እየበዙ ሄዱ፤ ላዶል ክዳኑን አንሥታ ስትቆጥራቸው ድምጿ እስከ ላይኛው አፍ ይሰማል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከታችኛው አፍ የፍየል ጩኸት ሰማን። ጎባ ታርጊያስ ነበር፤ መንጋውን ይዞ፣ ከኋላው ሌሎች ሦስት ቤተሰቦች አስከትሎ። ፊቱን እንዳጠቆረ ነው።

«ሹመቴን ይገፍፉኛል» አለ ገና ከሩቅ። «ኬላው ላይ ስሜን ጻፉት። ይኸው ባንቺ የተነሣ!»

«ገመድ ይዘሃል?» አለችው ላዶል።

«ይዣለሁ።»

«እንግዲያው ምን ታወራለህ፣ ከዚያኛው ገደል ጀምር።»