ስም የተቀያየረበት ካርታ

ጓደኞቿ «ኮማ» ይሏታል፤ የአንዲት ነጠላ ሰረዝ ስህተት እንኳ አታሳልፍም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ጎረቤት አገሮች የሚያሳትሙት መጽሔት ዋና አዘጋጅ ናት። መጽሔቱ ማተሚያ ቤት በገባ ማግስት ረቂቁን ስታገላብጥ ክው አለች። ስለ ሁለት አገሮች የድንበር ውዝግብ በሚያወራው ጽሑፍ ካርታ ላይ የአገሮቹ ስም ተቀያይሯል። ካርታውን ያጸደቀችው ደግሞ ራሷ ናት።

የማተሚያ ቤቱ ስልክ ከተበላሸ ሰንብቷል። ታክሲ ውስጥ «ኤምባሲዎቹ ቢያዩትስ? መጽሔቱን ቢዘጉብንስ?» እያለች ጥፍሯን ስትነክስ ደረሰች። የማሽን ድምፅ አይሰማም። አልቋል ማለት ነው ብላ ወደ ውስጥ ሮጠች።

«ጋሼ፣ ታተመ እንዴ?»

«ማሽኑን አቁሜ አንቺኑ ስጠብቅ ነበር» አሏት ሽማግሌው አታሚ። «የተወለድኩት እዚያው ድንበሩ ላይ፣ ወንዙ ዳር ነው። የእናቴን ቤት ሌላ አገር ወስዳችሁት ዝም ብዬ ላትም?»

ሳቀች። እርማቱን ስትጽፍ ግን የአገሮቹን ስም ሦስት ጊዜ አነበበች።