አባቴና የሐይቁ ሸንበቆ

አባቴ ወደ ለንደን የመጡት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን መኖራቸው ስላሳሰበኝ እኔው ነኝ ያስመጣኋቸው። ፊንስበሪ ፓርክ ያለው አፓርታማዬ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ከሆስፒታል ሥራዬ ስመለስ ሁልጊዜ የማገኛቸው መስኮት ሥር ተቀምጠው ነው። ምን ሲሠሩ እንደዋሉ ስጠይቃቸው፣ አውቶቡሶቹን ስሸኝ ዋልኩ ይሉኛል።

በዚያው ዓመት ጡረታ የወጣች የሥራ ባልደረባዬ ከከተማው ሰሜን ጫፍ፣ ሐይቅ ዳር የነበራትን አንድ ክፍል የእንጨት ጎጆ ለእኔ ለቀቀችልኝ። ሐይቁ ዙሪያውን እንዲህ ባሉ ጎጆዎች የተከበበ ነው፤ ባለጎጆዎቹም ማኅበር አላቸው። መንገዱ እንዲጠገን፣ ቆሻሻ እንዲነሳ፣ ውኃው እንዳይበከል የአካባቢውን አስተዳደር፣ ካውንስሉን፣ የሚወተውተው ይህ ማኅበር ነው። ሊቀመንበሯ በዕድሜ የገፉ የቀድሞ አስተማሪ ናቸው።

አንድ ቅዳሜ አባቴን ይዣቸው ሄድኩ። ውኃውን ሲያዩ ቆም አሉ፤ ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ። ወሎ ውስጥ ሐይቅ ዳር ተወልደው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜን ከእኔ በፊት ተነሥተው፣ ለብሰው ይጠብቁኝ ጀመር።

ግንቦት ላይ ካውንስሉ ማስታወቂያ ለጠፈ። ሐይቁ ጽዱ መስሎ እንዲታይ በዳርቻው ያለው ሸንበቆ በሙሉ ሊታጨድ ነው ይላል። ከአባላቱ ግማሹ ደስ አላቸው፤ ከደጃቸው ሆነው ውኃውን ማየት ይፈልጋሉ። ለአባቴ ስተረጉምላቸው ግን የያዙትን ሻይ አስቀመጡ።

“ሁሉንም? ታዲያ ዓሣው እንቁላሉን የት ሊጥል ነው?”

ይህንን ለሊቀመንበሯ ስነግራቸው ክንዴን ያዝ አድርገው፣ በካውንስሉ አዳራሽ ለሚደረገው ስብሰባ አባትሽን ይዘሽ እንድትመጪ አሉኝ።

ከካውንስሉ የመጣው ወጣት ሹም የሐይቁን ፎቶዎች ግድግዳው ላይ እያሳየ አስረዳ። ተራው ሲደርስ አባቴ ተነሡ። “ሸንበቆው የዓሣው ቤት ነው” አሉ። “እኛም አንድ ጊዜ አጭደነው ነበር። በሁለተኛው ዓመት መረባችን ባዶውን ይወጣ ጀመር። ይህን እቆርጣለሁ የሚል ሰው ሐይቅን የሚያውቀው በፎቶ ነው።”

የመጨረሻዋን ዘልዬ ተረጎምኩ። ሊቀመንበሯ መነጽራቸውን አወለቁ።

“አንድ ዓረፍተ ነገር ቀርቷል” አሉኝ። “ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች ሲያነቡ ሰምቻለሁ፤ ሲዘሉ አውቃለሁ።”

ፊቴ እየጋለ ተናገርኩት። ወጣቱ ዞሮ ፎቶዎቹን አየና ሳቅ አለ። እውነታቸውን ነው፣ ሐይቁን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ሲል አመነ። አባቴ እንዲያፍር አልፈለጉም። “እንግዲያው ጠዋት ይምጣ፤ ቦቲ ጫማ ያድርግ በይው” አሉኝ።

መጣም። አባቴ እየመሩ ጥልቀት ወደሌለው ውኃ አስገቡትና ሸንበቆውን በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው ገለጡለት። መርፌ የሚያካክሉ የዓሣ ጫጩቶች እንደ ደመና ተሰብስበው ይርመሰመሳሉ። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ውኃው ቦቲው ውስጥ ገባ፤ ንቅንቅ አላለም። እኔ ዳር ቆሜ ለመተርጎም ስጠብቅ የሚፈልገኝ ጠፋ። አንዱ ይጠቁማል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ ደረሰን። ከጀልባ መቆሚያው ፊት ለፊት ካለች ጠባብ ቦታ በቀር ሸንበቆው አይነካም ይላል። ሊቀመንበሯ ደብዳቤውን ለአባቴ በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል፣ ጮክ ብለው አነበቡላቸው፤ አባቴም አንድ ቃል ሳይገባቸው እስከ መጨረሻው በአክብሮት አዳመጡ። እይታ የፈለጉት አባላት ጥቂት አጉረመረሙ። ሙቀቱ ሲመጣ ግን ወንበራቸውን እየያዙ እዚያችው ጠባብ ቦታ ላይ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ሰላምታ እንኳ ያልነበራቸው ሰዎች ተዋወቁ።

በዓመታዊው ጉባኤ አባቴን ለኮሚቴ መረጧቸው። እሳቸውም አንድ ነገር ካልተፈቀደላቸው እንደማይቀበሉ አስተረጎሙኝ፤ ስብሰባው ቤት ውስጥ ሳይሆን ውኃው ዳር ይሁን አሉ። ዝናብ በማይጠፋባት ለንደን ይህን መጠየቅ ድፍረት ነው። ሰዉ እየሳቀ እጁን አወጣ፤ በሙሉ ድምፅ አለፈ። የመጀመሪያው ስብሰባ ዕለት ካፊያ ጣለ። ሊቀመንበሯ ጃንጥላቸውን ለአባቴ ዘርግተው አጀንዳውን ማንበብ ቀጠሉ፤ ተነሥቶ የገባ ሰው አልነበረም።