ሃይድሮጂኑ ግድግዳው ውስጥ ነው

የያዙኝ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ምሳዬን ሳልጨርስ ነው። ከመጡት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ኬንያውያን ፖሊሶች ናቸው፤ ሦስተኛው፣ ሱፍ የለበሰው፣ የአገሬ መንግሥት የደህንነት ሰው ነው። አገር ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። ከምርጫው ግርግር በኋላ ስለታሰሩ ተማሪዎቼ በአደባባይ ተናግሬ ነው ናይሮቢ የተሰደድኩት።

የጣቢያው ክፍል ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፤ ጥግ ላይ ያለው ባልዲ ይከረፋል። እዚያ ውስጥ በሰፈራችን ምግብ ቤት የነበራቸውን አዛውንት አገኘኋቸው። ስደተኛውን ሁሉ በነፃ የሚያበሉ ሰው ናቸው። ጫማቸውን ተቀምተው በባዶ እግራቸው ተቀምጠዋል።

"መምህር፣ አንተንም?" አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሱፍ ለባሹ አስጠራኝ።

"በስልክ ስታወራ ሰምተንሃል። 'ሃይድሮጂኑ ግድግዳው ውስጥ ይቀራል' ብለሃል። የክፍልህን ግድግዳ አፍርሰን አየን፤ ምንም የለም። የት ደበቃችሁት?"

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ያን ቀን ያወራሁት ውጭ አገር ካለ የምርምር ባልደረባዬ ጋር ስለ ሥራችን ነበር።

"የጣቢያው ኢንስፔክተር ሲመጣ፣ ቦምብ እየሠራን ነው፣ ከኋላችን ያሉት ሽማግሌው ናቸው በል። ዛሬውኑ ትወጣለህ። እምቢ ካልክ ሁለታችሁንም ድንበር እናሻግራችኋለን" አለኝ።

ከድንበሩ ማዶ ምን እንደሚጠብቀን አውቃለሁ።

ኢንስፔክተሩ ኬንያዊ ነው። የሻይ ኩባያውን እንደያዘ ገባና በእንግሊዝኛ "ቦምብ ነው?" አለኝ። ካቴናው እጄ ላይ እንዳለ ከወንበሩ ተነሣሁ።

"አይደለም ጌታዬ። ፀሐይ ውስጥ ያለውን ዓይነት እሳት ምድር ላይ አንድዶ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ነው። ነዳጁ ከባድ የሃይድሮጂን ዓይነቶች ናቸው። የምድጃው ጠጣር ግድግዳ ያን ሙቀት አይችለውም፤ ስለዚህ ላዩ ላይ ሊቲየም የሚባል ብረት ቀልጦ ይፍሰስበት ተባለ። ሊቲየም ደግሞ ሃይድሮጂን ይጠጣል። ያ ለእሳቱ መልካም ነው፤ ያረጋጋዋል። ግን ነዳጁ እዚያው ግድግዳው ውስጥ ከቀረ ምን ይነዳል? ደግሞም አንደኛው ነዳጅ ጨረር ስላለው እንዲከማች መተው አይቻልም። እኔ የማጠናው ምን ያህሉ እንደሚቀርና እንዴት መልሰን እንደምናወጣው ነው። እኚያ ሽማግሌ የሰጡኝ ምሳ ብቻ ነው።"

"ስቲማ ነው በለኛ!" አለ፤ መብራት ማለቱ ነው። "እኛ ሰፈር በየቀኑ ይጠፋል። መቼ ይደርሳል?"

"እሱን እኔም አላውቅም። ገና ብዙ ይቀረዋል።"

ኢንስፔክተሩ ወደ ሱፍ ለባሹ ዞረ። "ይህ ሰው አስተማሪ ነው" አለው። ከዚያ በኋላ የድንበሩን ነገር ያነሣብን የለም።

ስመለስ አዛውንቱ በሩ ሥር ቆመው ጠበቁኝ።

"ስለ እኔ ጠየቁህ?"

"አዎ ጋሼ። ምሳ አበሉኝ አልኳቸው።"

ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ሲሚንቶው ላይ አነጠፉልኝ። "ና ተቀመጥ። ያንን ትምህርትህን እኔም ልስማው እንጂ" አሉኝ። ነገርኳቸው። እየደጋገሙ ጠየቁኝ፤ ጥያቄያቸው ጥሩ ነበር።

በኋላ አንድ ጠበቃ ተሟግቶ ሁለታችንንም አስፈታን። ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም። ምርምሩን አልጨረስኩትም፤ ሌሎች ቀጥለውበታል። እኔ እዚሁ ናይሮቢ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ስለዚያ ክፍል ብዙም አላወራም። ግን ማንንም ሸጬ አልወጣሁም፤ የቀጠፍኩት ቃልም የለም። ይህ ለእኔ ትልቅ ሀብት ነው።