የጎረቤት ጭቃ

ጣሊያን ከተማውን በያዘበት ዘመን፣ በአንድ የታኅሣሥ ማክሰኞ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ እንጨት የምትሸጥልን ሴት ኮልፌ ወዳለው ቤታችን ባዶ እጇን መጣች። ኬላ ላይ ወታደሮች ሸክሟን አስጥለዋታል። እናቴ ከወለደች ገና ስምንተኛ ቀኗ ነበር። የቀረን እንጨት ሌሊቱን አያዘልቅም፤ የሕፃኑ ወንድሜ እጆች ደግሞ እሳት አጠገብ እንኳ አይሞቁም።

አባቴ እንጨት ፍለጋ ሊወጣ ጋቢውን ለበሰ። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ከበር ኋላ እሸሸጋለሁ። ግን የእናቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ግድግዳውን በመዳፌ ስዳስስ ሰንብቻለሁ። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሙቀት ከቤት እንዴት እንደሚያመልጥ አነበብኩ፤ መዳፌ ያልነገረኝን ብዙም አላገኘሁበትም።

«አባዬ፣ እንጨት ቢገኝም የምናሞቀው ደጁን ነው» አልኩት። «ምርጊቱ ስድስት ቦታ ወድቋል።»

«ጭቃ እስኪቦካ ሳምንት ይፈጃል። ጥሬውን ብንመርገው ሲደርቅ ይሰነጠቃል።»

«የጎረቤታችን ቦክቷል።»

አባቴ ከጎረቤታችን ከጉራጌው ነጋዴ ጋር በአጥር ተጣልተው ከፋሲካ ወዲህ አልተነጋገሩም። እኔው ሄድኩ።

ሰውየው አዲስ ክፍል ሊሠሩ ያስቦኩት ጭቃ ጉድጓድ ዳር ቆመው ነበር። እጅ ነስቼ፣ እግሬን እያየሁ ተናገርኩ።

«አንቺ ነሽ? እኔ እኮ ድዳ ትመስይኝ ነበር» አሉ። «አባትሽ ልኮሽ ነው?»

«አይደለም። ሕፃኑ በርዶታል፤ ጭቃዎን ልለምንዎ መጣሁ።»

ቀልዱን ተዉት። «ውሰጂ። የቦካ የወሰደ ግን ሌላ ረግጦ ይተካል፤ ደንቡን ታውቂያለሽ። ቃሬዛ ደግሞ በአንድ ሰው አይነሳም፤ አባትሽን ጥሪው።»

አባቴ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ሆነው ጭቃውን በቃሬዛ አመላለሱት። መጀመሪያ አልተነጋገሩም። በሦስተኛው ዙር ጎረቤታችን «ቀስ በል እንጂ፣ አጥርህን አታፍርሰው» አሉ፤ አባቴ ሳቀ።

ግድግዳውን ሁሉ ብናረጥበው ቤቱ ይብሱን እንደሚቀዘቅዝ ስለገመትኩ ቀዳዳዎቹን ብቻ እየጠቆምኩ አስደፈንኩ። ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት ጭድ በሞላ ጆንያ ወተፍነው። ያን ሌሊት ወንድሜ እጁን ከመጠቅለያው አውጥቶ ተኛ፤ ሲነጋም ሦስት ፍልጥ ተርፎ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ የጎረቤታችን ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። የአዲሱ ጭቃ ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብራል። እሳቸው ጭዱን እየበተኑ «ተረከዝሽን ተጫኚው» ሲሉኝ፣ ቀና ብዬ «ጭድ አነሰው» አልኳቸው።