የሕፃናቱ ስህተት የተጻፈበት ደብተር

በአርባ ምንጭ አፀደ ሕፃናት ሥራ የጀመርኩ ቀን አርባ ሦስት ልጆች ተረከብኩ። ዳይሬክተሩ ጋሽ ደምሴ ጠመኔና የስም መጥሪያ ሰጡኝና፣ «ሲሳሳቱ እዚያው አርሚ» አሉኝ።

አረምኩ። የተሳሳተውን ልጅ አስነስቼ ሦስት ጊዜ አስደግመው ነበር። በወሩ ክፍሌ ጸጥ አለ። ጸጥታው ጉብዝናዬ መስሎኝ ኮራሁ።

ዓይኔን የከፈተው የገዛ ልጄ ነው። ገና አፉን ሲፈታ ከበር ላይ «እማ፣ ምጪ!» ብሎ ጠራኝ። «ነይ» ማለቱ ነው። «ነይ አልከኝ? መጣሁ!» ብዬ እየሳቅሁ አቀፍኩት። ወዲያው ደነገጥኩ። የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን አስነስቼ አስደግመው ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ አልኩና በማግስቱ ደብተር ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ልጅ ሲሳሳት ትክክለኛውን በመልሴ ውስጥ እናገራለሁ፤ ስህተቱን ከነቀኑ እጽፋለሁ።

ዓመታት አለፉ። ከከተማው ውጭ ከጫኖ የምትመጣ ምሕረት የምትባል ልጅ ኬጂ ሁለት ገባች። ቤቷ የሚነገረው ጋሞኛ ነው። በመጀመሪያው መንፈቅ «ነይ» ትለኝ ነበር። በሁለተኛው «ቲቸር፣ ምጪ!» ማለት ጀመረች። ጋሽ ደምሴ ሰሙ።

«ይቺ ልጅ የኋልዮሽ እየሄደች ነው። ኬጂ አንድ ትመለስ።»

ሙዝ የሚያለሙት አባቷ ተጠርተው መጡ። «ወደ ታች ከወረደችማ እቤት ትዋል፤ ታናሿን ትጠብቅ። መንገዱም ሩቅ ነው» አሉ።

ደብተሬን አመጣሁ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ኅዳር ላይ የሰማችውን ብቻ ነበር የምትደግመው። የካቲት ላይ በአንድ ሳምንት ‹ስጪ›፣ ‹ውጪ›፣ ‹ምጪ› አለች። ከመካከላችን ‹ምጪ› የሚል ማን አለ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ከማን ሰማች?»

ጋሽ ደምሴ ደብተሩን ገልጠው የየካቲቱን አነበቡ። «ከራሷ አውጥታ ነዋ!»

«አዎ፣ ‹ሰጠች› ካልን ‹ስጪ›፣ ‹ወጣች› ካልን ‹ውጪ›፣ እንግዲያው ‹መጣች› ካልን ‹ምጪ› ብላ መንገዱን አግኝታዋለች። ‹ነይ› እንደ ጓደኞቹ የማይሄድ ቃል ነው። እስከ ሰኔ ይታገሡኝ።»

አባቷ ጣልቃ ገቡ። «እኔም አማርኛ ስናገር ገበያው ሁሉ ይስቅብኛል። ከራሴ እያወጣሁ ነው በሉኛ!»

ጋሽ ደምሴ ሳቃቸው አመለጣቸው። «በቃ፣ ባለችበት ትቆይ» አሉ።

በግንቦት «ነይ» ተመለሰ። ያስደገማት ሰው አልነበረም። ምሕረት ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ጌታ ይመስገን።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው፦ ስህተቱ ከወር ወር የሚለወጥ ልጅ እየተማረ ነው። ከክፍሉ አታውርዱት።