ያልተጠራው ዋስ

አለበል ጣና ውስጥ እየጠለቀ ዓሣ በካሜራ የሚቀርፅ ሰው ነው። ዓሣ አረፋ ካየ ስለሚሸሽ፣ የቀጠረው የጥናት ቡድን አዲስ መሣሪያ አስመጣለት፤ የወጣውን ትንፋሽ አጣርቶ መልሶ የሚያስተነፍስ፣ አረፋ የማያወጣ። ዓሦቹ ወደዱት። ሚስቱ ባንቺአየሁ አልወደደችውም። ቀድሞ ዳር ቆማ አረፋውን ስታይ «አለ» ትል ነበር፤ አሁን የምታየው ዝም ያለ ውኃ ነው።

«ይቅርብህ» አለችው አንድ ጊዜ።

«ዋስ አለው እኮ» አላት። በዚሁ ቀረ።

«ዋስ» የሚለው በአፍ የሚነከሰው ክፍል ላይ ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ ነው። የሚመላለሰው ትንፋሽ ከተበላሸ ከአፍ ሳያወጡ እሷን ማዞር ነው፤ ከጎን ከታሠረው ጠርሙስ ንጹሕ አየር ይመጣል። ስሙን ያወጣው የሥልጠናው አስተርጓሚ ነው። ዕድሜውን ፍርድ ቤት የጨረሰ ሰው ስለነበር ሌላ ቃል አልመጣለትም። ክፋት አልነበረበትም፤ ቃሉ ግን አለበልን ሊገድለው ምንም አልቀረውም።

አለበል ዋስ ማስቸገር ነውር በሆነበት ቤት ያደገ ነው። ሲጋቡ እንደ አገሩ ደንብ የጠብ ዋስ ቆሞላቸዋል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ ተጠርቶ የሚዳኝ ሰው ማለት ነው። ዋሳቸው መሪጌታ መርስዔ ኀዘን አንድም ቀን ተጠርተው አያውቁም። አለበል ይህን ሰርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም ሳይናገር አይወጣም። «ዋሴን አንድ ቀን አላስቸገርሁም» ይላል፤ ሰውም ያደንቃል፣ የሚያደርገው ሌላ ስለሌለ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባንቺአየሁ ዳር ቆማ ሳለች፣ አለበል ውኃው ውስጥ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ጀመር። ራሱን ከበደው። እጁን ወደ ማዞሪያዋ ሰደደና መለሰው። ለዚህች ለዚህች ዋስ አይጠራም ሲል በሆዱ አሰበ። እንደ ውሻ ማለክለክ ሲጀምርም ጥቂት ልታገሥ አለ። አፉን ከፍቶ አየር ሊስብ ሲቃጣው ግን ፈራ፤ በጣም ፈራ። ባንቺአየሁ ዝም ያለውን ውኃ ስታይ ታየችው።

ማዞሪያዋን አዞራት። አየሩ መጣ፤ አረፋውም እየተንዶቀዶቀ ወጣ።

ዳር ሲደርስ ያገኛት መሬት ላይ ተቀምጣ ነው። «አረፋህን አየሁ» አለችው።

«ዋሱን ጠራሁት» አላት። «ነውር መስሎኝ ትንሽ ዘገየሁ።»

ባንቺአየሁ ይህን ሰምታ ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈችና በቀጥታ ወደ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ቤት ሄደች።

ከሰዓት በኋላ መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ወንበር ቀረበላቸው።

«ምን አጣላችሁ?» አሉ።

«ኧረ እኛ ተጣልተን አናውቅም፣ አባ» አለ አለበል።

«እስከ ዛሬ እርስዎን ያልጠራሁት ሰላም ሆኜ አይደለም፣ አባ» አለች ባንቺአየሁ። «እሱ ያፍራል ብዬ ነው። እሱ በጠለቀ ቁጥር እኔም ትንፋሼን ይዤ ነው የምቆመው። እሱስ የሚያዞረው አለው።»

አለበል መሬት መሬት አየ። በየሰርጉ የኮራበት ሰላም የማን ትንፋሽ እንደነበር ገባው፤ እጅግ አፈረ።

መሪጌታ «ምነው ዘገያችሁ» አሉና ወንበራቸውን ወደ ባንቺአየሁ አዞሩ።