«ተሰባሪ» የተለጠፈበት የካሜራ ቦርሳዬ

ዛሬ ጠዋት ጀሞ ቤቴ ገብቼ የካሜራ ቦርሳዬን ስከፍት ያለኝ አንድ ሌንስ ተሰንጥቆ አገኘሁት።

ከአርባ ምንጭ ስበር ሻንጣ የምትቀበለውን የአየር መንገድ ሠራተኛ «እህቴ፣ ካሜራ ነው፤ ከእጄ አይለይ» ብዬ ለምኛት ነበር።

«ቦርሳው ትልቅ ነው፣ ወደ ጭነት ይግባ። ‹ተሰባሪ› የሚል ወረቀት እለጥፍበታለሁ» አለችኝ። ወረቀቱስ በሰላም ደርሷል!

ከሰዓት ደግሞ ላፍቶ የጎረቤቴን ልጅ ሰርግ ማንሳት ነበረብኝ። ለሙሽራዋ ደውዬ የሆነውን ነገርኳት። «በቃ፣ በስልክሽም ቢሆን አንሺኝ፤ ብቻ እንዳትቀሪ» አለችኝ።

ሄጄ በስልኬ አነሳሁ። ቸርች ውስጥ ቃል ኪዳን ስትገባ ግን ፊቷ ደብዝዞ ወጣ። እሷ ስቃ አለፈችው፤ እኔ እስካሁን አልበረደልኝም።

ካሜራ ይዛችሁ የምትበሩ፣ እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት? የደረሰባችሁን ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልናደድ።